አርባ አንድ ቁጥር

ኦፋቂም፣ ከበረሃው ጥግ፣ ባቡር ሳይገባባት በፊት፣
ጣሪያው የመጋዝ ጥርስ የሆነ፣ ሰሜን ሰሜን የሚያይ መስኮት፣
አንድ የክር ፋብሪካ ነበር፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሌሊት ሌሊት የቆምኩበት።
የጥጥ ብናኙን እንደ አየር ስቤ ደረቴ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤
ዛሬም ሲያስለኝ፣ ሐኪሙ "ምንድን ነው?" ሲል
"ቀሪ ደሞዜ ነው" እላለሁ።

ትርንጎ የሚለው ስሜ ላለቃው ምላስ አልተመቸም፤
በማሽኔ ቁጥር ነው የሚጠራኝ፦ "አርባ አንድ! ክር ተበጥሷል፣ አይታይሽም?"
ሮጬ እቋጥራለሁ። ማሽን እንደ ሰው አይታገሥም።
አርባ ሁለት ላይ ፍሬሃ ነበረች፣ ከአትላስ ተራራ የመጣች፣
ቁመቷ ከክር ሣጥኑ የማይበልጥ፣ በሳቋ ሞተሩን የምትረታ ሴት።
ጩኸቱ ቋንቋ ቢነጥቀን ከንፈር ማንበብ ለመድን፤
እንደዚያው ያለ ድምፅ ልጅ ዳርን፣ ባል ቀበርን፣
ስለ አለቃው መላጣ በሳቅ ፈረስን።

አንድ እሑድ ጠዋት በሩ ላይ ሰንሰለት።
ክር ባሕር ማዶ ረክሶ ተገኘ አሉ፤
ማሽኖቹን በመርከብ፣
እኛን በደብዳቤ
ሸኙን።
እርግብ ገባበት። ቀጥሎ ጎረምሳ። ቀጥሎ እሳት።

ከዓመታት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራ።
"ይፍረስና ፎቅ ይቁምበት" አለ አንዱ፣ ሒሳቡን በጣቱ እየቆጠረ፤
"የለም፣ ቅርስ ነው" አለ ሌላው፣ ነጭ ጫማ ያደረገ፣
ጡቡን እንደ በግ ላት እየዳበሰ።
ፍሬሃ ተነሣች። በከዘራዋ ወለሉን መታች።
"እኛስ?" አለች፣ "እኛ የቱ ነን? ቅርስ ነን ወይስ ፍርስ?"
ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አቆመ፤
በየትኛው ተራ ቁጥር እንደሚያስገባው ቸገረው መሰለኝ።

በመጨረሻ ስልሳ አራት ቤት ወጣው፣ ግንቡ ሳይነካ፣
ኪራዩ በደሞዝ ልክ የተለካ፣
ዕጣው በሕዝብ ፊት የሚወጣ።
ፍሬሃ ዕጣውን አልደረሰችበትም። በጥቅምት አረፈች።

አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ወገራ፣ በሰው መሬት ጎጆ የቀለሰ።
ባለርስቱ ቀን ቀን እሱ የሠራውን ጋቢ ለበሰ፤
ማታ ልጆቹን በእሱ ስም አስተኛ፦ "ቡዳው መጣ፣ ዝም በሉ።"
እኔ ደግሞ ይኸው ቁልፍ ያዝኩ።
ርስት አይደለም፣ ኪራይ ነው፤
ግን ጡረታዬን በልቶ መድኃኒቴን የሚያስቀር ኪራይ አይደለም።
ውሉን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። አይደለም።

በገባሁ ቀን ቦታዬን ፈለግሁ።
በእንቅልፍ ልቤ የምሄደውን መንገድ በእርምጃ ቆጠርኩ፦
ከካርድ መምቻው አሥራ ስምንት፣ ወደ ግራ ሰባት፣
ግድግዳ።
አዲስ፣ ነጭ፣ ገና ቀለም የሚሸት።
አርባ አንድ ከማዶ ቀርቷል፣ ጎረቤት ቤት።
ለእኔ የደረሰኝ የፍሬሃ ቦታ ነው፣ አርባ ሁለት።
ማሽኗ የታሰረበት አራት የብሎን ቀዳዳ
አልጋዬ ሊገባ ካለበት መሐል ወለሉ ላይ አፍጥጧል።
"ሲሚንቶ እናፍስበት?" አለችኝ ኤፍራት፣ መሐንዲሷ።
"ተይው" አልኳት፣ "ሰው አለው።"
አልጋዬን ወደ መስኮቱ ገፋሁት።

ማዶ ሕፃን አለ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ልክ በፈረቃዬ እኩሌታ፣
አርባ አንድ ይጮሃል፤
ጣቶቼ ከብርድ ልብሱ ወጥተው
የተበጠሰ ክር ይፈልጋሉ።

ትናንት እናቱ ሊዩባ አንኳኳች፤ ዐይኗ ደም መስሏል፣
በሱፐርማርኬቱ የሥራ ልብስ እንዳለች ናት።
"ልጁ እንቅልፍ ነሣሽ?"
"የለም" አልኳት፣ "ያ ቦታ ድሮም ሲጮህ ያድራል።
ማን ትሉታላችሁ?"
ነገረችኝ። እኔም ስሜን ነገርኳት፣
በሦስተኛው አስተካክላ ጠራችው።
"ስጪኝማ" አልኳት፣ "ግቢና ተኚ፤
እሱ ጋ ቆሞ ማደር እኔ ለምጄዋለሁ።"